ከስልክ እንጨት ወደ ዛፍ ጫፍ

ሥራህ ምን ነበር ብለው ሲጠይቁኝ «ዛፍ አካሚ» እላለሁ። አምቦ ውስጥ ይህን ሰምቶ ያልሳቀ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። «ዛፍ ቆራጭ ማለትህ ነው?» ይሉኛል። ቆራጭማ ሞልቷል፤ ፋስ ያለው ሁሉ ቆራጭ ነው። እኔ የተማርኩት የቱን ቆርጬ የቱን እንደምተው ነው፤ ለዚያ ደግሞ ግማሽ ዕድሜዬን ከፍዬበታለሁ። ከዛፍ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የወረድኩት መንግሥት በተለወጠ ዓመት ነው። ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ እንጂ ከፖለቲካው ጋር ጉዳይ ኖሮኝ አይደለም። ዛሬ ከጊንጪ እስከ እጃጂ በመኪና ስሄድ በመንገዱ ግራና ቀኝ የቆሙትን ዛፎች እንደ ዘመድ እለያቸዋለሁ። ትዕቢት ከሆነብኝ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ እኮራባቸዋለሁ።

የጀመርኩት ግን በሞተ እንጨት ነው። የጉደር ልጅ ነኝ። አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት የስልክ መሥመር ሠራተኛ ሆኜ አምቦ ተቀጠርኩ። እንጨት እንተክላለን፣ ሽቦ እንወጥራለን፣ ነፋስ የበጠሰውን እንቀጥላለን። ፎርማናችን ጋሽ ደምሴ ቁመታቸው አጭር፣ ቁጣቸው ረጅም ሰው ነበሩ። ማንም እንጨት ላይ ከመውጣቱ በፊት ቀበቶውን ተቀብለው ስፌቱን በጥፍራቸው እየጫሩ ይመረምሩታል። «ቀበቶውን ያላየ እናቱን ያስለቅሳል» ይላሉ። በእሳቸው ዘመን ከእንጨት ላይ የወደቀ ሠራተኛ አላየሁም።

ከጫማችን ጋር የምናስረው ሹል ብረት ነበረን። በእሱ እንጨቱን እየወጋን እንደ ድመት ሽቅብ እንወጣለን፤ ላይ ስንደርስ ቀበቷችንን በእንጨቱ አዙረን ሁለት እጃችንን ለሥራ እንለቃለን። ከሁሉ በላይ ግን ጋሽ ደምሴ ያስተማሩኝ ውጥረትን ማየት ነው። ሽቦ በአንድ ወገን ብቻ የሚጎትተው እንጨት ዛሬ ቀጥ ብሎ ቢታይም ነገ ያዘነብላል፤ ስለዚህ በተቃራኒው ወገን መወጠሪያ ሽቦ ከመሬት ጋር ይታሰርለታል። ይህን በእንቅልፌም አልስተውም ነበር። ቆይቼ እንደማወራው፣ የሚያውቁት ነገር ቦታውን ሲለውጥ ግን ሰው ይስታል።

ዛፍ ላይ የወጣሁት በሰው ልመና ነው። አምቦ ገበያው አጠገብ አንድ እንጨት ላይ ሆኜ ሽቦ ስቀጥል፣ ወይዘሮ በላይነሽ የሚባሉ ከአጥሩ ወዲያ የሚኖሩ ባልቴት አንጋጠው ሲያዩኝ ቆዩ።

«አንተ ልጅ፣ እዚያ ድረስ ከወጣህ አይቀር የእኔንም ባሕር ዛፍ አትወጣልኝም?» አሉኝ።

«እትዬ፣ የእርስዎ ዛፍ እኮ ሽቦ የለውም።»

«ሽቦ ባይኖረው ሞት አለው። ክረምት በገባ ቁጥር እንቅልፌን የወሰደው እሱ ነው።»

እውነታቸውን ነበር። ዛፉ በቤቶች መካከል ተጨንቆ የበቀለ፣ ከሥሩ ቢቆረጥ በየትም ቢዞር የሰው ጣሪያ ላይ የሚያርፍ ግዙፍ ባሕር ዛፍ ነው። እንጨት ሰንጣቂዎች መጥተው፣ አይተው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ሄደዋል። እነሱ ከታች ወደ ላይ ነው ያዩት። እኔ ከላይ ወደ ታች ሳየው ረጅም የስልክ እንጨት ሆኖ ታየኝ። ከፎርማኔ ገመድና የገመድ መዘውር ተውሼ በዕረፍቴ ቀን ወጣሁበት። ከጫፉ ጀመርኩ። እያንዳንዱን ቁራጭ ከመቁረጤ በፊት በገመድ አስረዋለሁ፤ ታች ያሉት የሰፈር ጎረምሶች የገመዱን ሌላ ጫፍ ግንድ ላይ ጠምጥመው ይይዙታል፤ እኔ በመጋዝ ስለቀው እነሱ ቀስ እያሉ ያወርዱታል። ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ከዛፉ የቀረው ቁመቱ አጥር የሚያክል ጉቶ ብቻ ነበር። አንድ ቆርቆሮ አልተጫረም። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ያይ ነበርና ያን ቀን ወደ ቤቴ የገባሁት ደረቴን ነፍቼ ነው።

ደረቴን ያስተነፈሱኝ ኦቦ ድንሳ ናቸው። ኦቦ ድንሳ ባለሁለት ሰው መጋዝ ይዘው ከደንዲ እስከ ጉደር ግንድ ሲሰነጥቁ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ያን ባሕር ዛፍ አይተው ከተመለሱት ሰንጣቂዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ። ጉቶውን ሊቆርጡ ሲመጡ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«መውጣትስ ታውቃለህ» አሉኝ በኦሮምኛ። «ዛፍ ግን አታውቅም።»

ተናደድኩ። ግን ነገሩ ሆዴ ውስጥ ቀረ። በሳምንቱ ቤታቸው ሄጄ ዛፍ እንዲያሳውቁኝ ለመንኳቸው። የሰጡኝ መልስ «ነገ መጋዙን ተሸከም» የሚል ብቻ ነው።

ኦቦ ድንሳ ዛፍ አጠገብ ሲደርሱ ወዲያው መጋዝ አያነሡም። መጀመሪያ ባለቤቱን ያስቀምጡና «ከዚህ ዛፍ የምትፈልገው ምንድን ነው?» ይሉታል። ጣውላ የሚፈልግ፣ ጥላ የሚፈልግና ከጎረቤቱ ጋር ተጣልቶ ዛፉን የሚቀጣ ሰው አንድ አይደሉም ይላሉ። የሦስተኛውን ዓይነት ሰው ሥራ አይቀበሉም። ከዚያ በፋሳቸው ጀርባ ግንዱን እየዞሩ ይመቱታል፤ ጤነኛው ደረቅ ያለ ድምፅ፣ ውስጡ የተበላው ደግሞ የባዶ እንስራ ድምፅ ይሰጣል። በመጨረሻ የሚያደርጉት ሰውን ሁሉ ያስቅ ነበር። ነፋስ እስኪነሣ ጠብቀው፣ ጀርባቸውን ግንዱ ላይ አስደግፈው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀመጣሉ። ያንቀላፉ ይመስላል። እሳቸው ግን ከላይ የሚወዛወዘው ዛፍ ከታች ሥሩን ያነቃንቀው እንደሆነ በጀርባቸው ያዳምጣሉ።

«ምን ሰሙ?» እላቸዋለሁ።

«ተቀመጥና ስማ።»

ተቀምጬ ለረጅም ጊዜ ከቅርፊቱ ኮረኮንች በቀር የተሰማኝ ነገር አልነበረም። አንድ ቀን ጉደር ወንዝ ዳር አንድ ብሳና ላይ ተደግፌ ሳለ፣ ከወገቤ በታች መሬቱ ትንሽ ሲተነፍስ ተሰማኝ። ብድግ ብዬ ነገርኳቸው። ኦቦ ድንሳ አላመሰገኑኝም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን መጋዙን ተራ በተራ መሸከም ጀመርን።

ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር እንድዛወር የታዘዝኩት በዚያው ሰሞን ነው። አልሄድም ብዬ ሥራዬን ለቀቅኩ። ባለቤቴ ጉድ አለች። «ሰው ከመንግሥት እንጀራ ወደ ዝንጀሮ ሥራ ይገባል?» አለችኝ። እውነት ለመናገር በመጀመሪያው ዓመት ፍርዷ ትክክል ይመስል ነበር። ሰው ዛፍ ላይ መውጣትን እንደ ሥራ አይቆጥረውም፤ «እግረ መንገድህን» እያለ በነፃ ያስወጣኛል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ያኔ ገባኝ። ቀስ በቀስ ግን ማዘጋጃ ቤቱም፣ ትምህርት ቤቶችም፣ አጥቢያዎችም ይጠሩኝ ጀመር። ገንዘብ ያለው በገንዘብ፣ የሌለው በጤፍ ይከፍለኛል። ዛፍ ለመንካት የቀበሌ ፈቃድ ያስፈልግ ስለነበር ወረቀት ማመላለሱም ሌላ ሥራ ነበር፤ እሱን እንለፈው።

ጊንጪን ግን ማለፍ አልችልም።

አቶ መርጋ በጤና ጣቢያ ድሬሰር ሆኖ የሚሠራ፣ ቤተሰቡ በሙሉ የወንጌል አማኝ የሆነ ትሑት ሰው ነው። በግቢያቸው አባቱ የተከሉት ትልቅ ዝግባ ነበር። አባትየው ሞተዋል፤ እናትየው ዛፉን እንደ ባላቸው ያዩታል። የዛፉ ቅርንጫፎች ጣሪያውን እየጫኑ ስላስቸገሩ፣ ጣሪያው ላይ ያሉትን ብቻ አንሥቼ ዛፉን እንዳድንላቸው ጠሩኝ። ኦቦ ድንሳ ወባ ይዟቸው ስለተኙ ብቻዬን ሄድኩ። እንደ መሥመር ሠራተኛ ሠራሁት። እኛ ሽቦ የሚነካውን ወገን አጽድተን ሌላውን ሳንነካ ነው የምንሄደው፤ ከሽቦው ወዲያ ያለው የእኛ ጉዳይ አይደለም። በቤቱ በኩል ያለውን ቅርንጫፍ ሁሉ ከላይ እስከ ታች ሙልጭ አድርጌ አነሣሁ። አምሮ ነበር። አቶ መርጋ እጄን ጨብጦ አመሰገነኝ፤ እናቱ መርቀው ሸኙኝ።

ክረምት ገባ፤ መሬቱ ራሰ። አንድ ጧት በኃይለኛ ነፋስ ያ ዝግባ ከነሥሩ ተነቅሎ፣ ክብደቱ ሁሉ በቀረበት ወገን በከብቶቹ በረት ላይ ወደቀ። እናትየው በረት ውስጥ ላም እያለቡ ነበር። ላሚቱ ሞተች። የእሳቸው ትከሻ ተሰበረ፤ ከተሻላቸውም በኋላ ቀኝ እጃቸው ከደረታቸው በላይ አልተነሣም።

እንደ ሰማሁ ከኦቦ ድንሳ ጋር ሄድን። የተገለበጠው ሥር ከሰው ቁመት በላይ ቆሟል። ኦቦ ድንሳ ዞረው ዞረው አዩትና ጠየቁኝ።

«ሽቦ በአንድ ወገን ብቻ የሚጎትተውን እንጨት ምን ታደርገዋለህ?»

«በሌላው ወገን እወጥረዋለሁ።»

«ይሄኛውንስ ማን ወጠረው?»

የማውቀውን ነገር፣ ያውም በእንቅልፌ የማውቀውን፣ ቅጠል ስላለው ብቻ ሳላየው ቀረሁ። እናትየው አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ላም ትተካለች» አሉኝ የታሰረ ትከሻቸውን ይዘው። «ዛፉን የተከለው ሰው ግን ተመልሶ አይመጣም።»

የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል ይባላል፤ ምሣሩ በእኔም ላይ በዛ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ በአውቶቡስ አምቦ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ዛፍ ማስወገድ የፈለገ ይጠራኛል፤ ዛፍ ማዳን የፈለገ ግን ስሜን አያነሣም። ለዓመታት ስቆርጥ፣ ስጥልና ሳወርድ ኖርኩ። ሥራ አላጣሁም። እኔ የፈለግኩት ግን ሰው እንዳይጣል የሚሳሳለትን ዛፍ አምኖ እንዲሰጠኝ ነበር፤ እሱ አልመጣም።

የመጣው ከእጃጂ ነው። ሰዉ ሁሉ ወደ መንደር በሚሰባሰብበት ዘመን፣ ኦቦ ጉደታ የሚባሉ የእጃጂ ሽማግሌ ከአውቶቡስ ወርደው እኔ ባለሁበት ኦቦ ድንሳ ቤት መጡ። በገበያቸው መሐል ትልቅ ኦዳ፣ በአማርኛው ሾላ፣ አለች። ሽማግሌዎች ከሥሯ ሸንጎ ይቀመጣሉ፤ የተጣላ ይታረቅባታል፤ በገበያ ቀን ደግሞ ጨው ሻጮች ጥላዋን ይከፋፈላሉ። ከወር በፊት አንድ ደረቅ ቅርንጫፍ ተገምሶ አዴ ጫልቱ የተባለች ጨው ሻጭ ዳሌ ላይ ወደቀ። የቀበሌው ሊቀመንበር ዛፏ ትቆረጥ ብሏል።

«እኔ አልወጣም፤ ጉልበቴ ሄዷል» አሉ ኦቦ ድንሳ። ወደ እኔ በአገጫቸው አመለከቱ። «እሱ ይውጣ።»

«ጊንጪ ላይ ዝግባ የጣለው እሱ አይደል?»

«ነው። ጥሎ የማያውቅ ሰው ምን እንደሚፈራ አያውቅም።»

ሊቀመንበሩን ሳገኘው ክፉ ሰው አልነበረም። «ጓድ፣ እኔም በልጅነቴ እዚች ሥር ነው የተጫወትኩት» አለኝ። «ግን ሌላ ሰው ቢጎዳ ተጠያቂው እኔ ነኝ። በሚመጣው ገበያ ሕዝቡ አምኖ ከሥሯ ከተቀመጠ ትቆያለች። ሰው ከፈራት ደግሞ ጥላ አይደለችም፤ በማግስቱ ትወርዳለች።»

ዛፏ ሁለት ችግር ነበረባት። አንደኛው ውስጧ ያሉት ደረቅ ቅርንጫፎች ናቸው። ሁለተኛውና ከባዱ፣ የበሬ ወገብ የሚያክል ሕያው ቅርንጫፍ በጨው ተራው ላይ አግድም ተዘርግቷል፤ ከግንዱ በሚነሣበት ቦታ ደግሞ ተሰንጥቋል። ሌላ ዛፍ ቢሆን ቅርንጫፉን አሳጥሬ አቃልለው ነበር። የመሥመር ሠራተኛ ብረቴን እግሬ ላይ ማሰር ስጀምር ግን ኦቦ ጉደታ በዱላቸው ጫማዬን ነካ አደረጉኝ።

«ሲቢሊ ሂን ቱቁ» አሉኝ። ብረት አይነካትም ማለታቸው ነው።

«ታዲያ በምን ልሥራ ኦቦ ጉደታ?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ። በእርጥብ ኦዳ ላይ ብረት ያሳረፈ ሽማግሌ አባቶቼ ውስጥ የለም።»

ሸንጎ ተቀመጠ። ዛፏን ለማዳን ራሷ ዛፏ ሥር ተከራከርን። ኦቦ ድንሳ ሁሉም ሲደክመው አንድ ጥያቄ ጠየቁ። «የደረቀው ቅርንጫፍ የኦዳዋ ነው የምድጃ?» ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ረጅም ንግግር ሆነ፤ ስምምነቱ ግን አጭር ነበር። ደረቁ የምድጃ ነው፤ በመጋዝ ቁረጠው። እርጥቡን ግን የእግር ብረትም፣ መጋዝም፣ ሚስማርም፣ ሽቦም እንዳይነካው።

ብረቴን ፈትቼ አስቀመጥኩ። በቀጭን ሲባጎ ላይ ድንጋይ አስሬ በቅርንጫፍ ላይ አሳልፌ ወረወርኩ፤ በሲባጎው ወፍራሙን ገመድ ሳብኩ። ሽቦ ስንወጥር የምንጠቀምበት አንድ ቋጠሮ አለ፤ ወደ ላይ ሲገፉት ይንሸራተታል፣ ክብደት ሲያርፍበት ነክሶ ይይዛል። በእሱ ላይ ተንጠልጥዬ፣ በባዶ እግሬ፣ ጥቂት በጥቂት ወጣሁ። ደረቁን ሁሉ እያሰርኩ አወረድኩት። ገመድ ላይ ሆኜ ዛፍን በእጄና በእግሬ መዳፍ ስነካው ያ የመጀመሪያዬ ነው። በኋላ በብረት የወጣሁባቸውን ዛፎች እየዞርኩ ሳይ፣ የወጋኋቸው ቀዳዳዎች ጠቁረውና ውኃ ቋጥረው አገኘኋቸው። ከእጃጂ ወዲህ በሕይወት እንዲኖር በምፈልገው ዛፍ ላይ ብረት አስሬ አልወጣሁም።

የተሰነጠቀውን ቅርንጫፍ ሳላቃልለው እንዴት ላድነው? እዚህ ላይ ጋሽ ደምሴ ደረሱልኝ። እንጨት መትከል የዕለት እንጀራዬ ነበር። ባላ ያለው ወፍራም የጥድ ግንድ አስመጣሁ። ጉድጓዱን በስልክ እንጨት ልክ አስቆፈርኩ፣ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስነጠፍኩ። ባላው የሚያርፍበትን ቦታ ቅርፊቱ እንዳይላጥ በበሬ ቆዳ አለበስኩት። የገበያው ሰው በገመድ ቅርንጫፉን ሽቅብ ሲስብ፣ እኔ ስንጥቁ አጠገብ ተንጠልጥዬ አየው ነበር። አፉን ቀስ እያለ ገጠመ። «ያዙ!» አልኳቸው፤ ባላው ገባ፣ ከሥሩ በድንጋይ ተጠቀጠቀ።

ባላው እንዳይንሸራተት ማሰር ነበረብኝ፤ ሽቦ ክልክል ነው። ኦቦ ጉደታ ቀንበር የሚታሰርበትን ጠፍር አመጡልኝ።

«ጠፍር ክረምት ላይ ይላላል» አልኩ።

«ሞራ የጠገበ አይላላም» አሉኝ። «ቢላላስ? ሸክሙን የያዘው እንጨቱ ነው። ደግሞም እኛ አለን፤ እናጠብቀዋለን።»

ጠፍሩን አርሰን አሰርነው፤ ደርቆ ሲጠብቅ ሞራ ቀባነው። እስከ ዛሬ እንደሰማሁት በየዓመቱ ከዝናብ በፊት የሚያድሱት የሽማግሌዎቹ ልጆች ናቸው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ኦቦ ድንሳ ጀርባቸውን ለኦዳዋ ሰጥተው ተቀመጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቆይተው ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ያንተ ሥራ ጸንቶ ቆሟል» አሉኝ። ከእሳቸው የሰማሁት ምስጋና ያ ብቻ ነው፤ ለእኔ በቅቶኛል።

የገበያው ቀን ደረሰ። ከማለዳ ጀምሮ ሰው ከየአቅጣጫው ገባ። ጥላው ግን ባዶ ነበር። ጨው ሻጮቹ ጆንያቸውን ከጥላው ጠርዝ ውጪ፣ ፀሐይ ላይ ደርድረው፣ ላብ እየጠረጉ ባላውን ያዩታል። ሽማግሌዎቹ ከሥሯ ተቀመጡ፤ ሰዉ ግን ሽማግሌ ስለ ኦዳዋ ሲል ቢሞትም አይገርመውም። እኔም ገብቼ ከቅርንጫፉ ሥር ቆምኩ። ማንም አልተከተለኝም። ሊቀመንበሩ ከሩቅ ቆሞ ያይ ነበር፤ ፊቱ ላይ ደስታ አላየሁም። እኔ ደግሞ ጊንጪ መጣብኝ።

ፀሐዩ ሲከር አንዲት ሴት በምርኩዝ እያነከሰች፣ ጨውዋን በአህያ አስጭና መጣች። ሰዉ መንገድ ሲለቅላት አዴ ጫልቱ መሆኗን አወቅኩ። ከጥላው ጠርዝ ላይ ቆም ብላ ቅርንጫፉን አየች። ከዚያ ባላውን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አንተ ነህ የሠራኸው?» አለችኝ።

«አዎ፣ አዴ።»

«ይይዛታል?»

ምንም ማሳመር አልፈለግኩም። «ይይዛታል» አልኩ።

ምርኩዟን ወደ ባላው አነሣች። «በይ እንግዲህ፣ አንቺም እንደ እኔ ሆንሽ» አለቻት ኦዳዋን። እያነከሰች ገብታ፣ ቅርንጫፉ የወደቀባት ቦታ ላይ ጆንያዋን ዘረጋችና ተቀመጠች።

ከዚያ አንዷ ጨው ሻጭ ጆንያዋን ጎተተች፤ ሌላዋ ቦታዬን እንዳትይዢ ብላ ተነሣች፤ ወዲያው የጥላ ግፊያ ሆነ። እኔም ከቆምኩበት እየተገፋሁ፣ «ወንድም፣ ትንሽ ወዲያ በል» እየተባልኩ ወጣሁ። እኩለ ቀን ላይ ከኦዳዋ ሥር እግር ማሳረፊያ እንኳ አልነበረም። ተመልሼ ልገባ ብሞክር ቦታ የሰጠኝ የለም። እስከ ገበያው መበተን ድረስ ውጪ ፀሐይ ላይ ቆሜ አየኋቸው፤ እንደዚያ ቀን ፀሐይ ደስ ብሎኝ አያውቅም።